ወረፋ የማይጠብቅ ልጅነት

ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ የመኪናውን መስተዋት ይሸፍነዋል፤ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲናን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። መንገዱ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን አልፎ፣ የማሽላውን ማሳ ሰንጥቆ ከሚሴ ይገባል። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባጃጁ፣ የጫት ተራው፣ የመስጊዱ ሚናራ፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ትንፋሽ የሚናገረው ገበያተኛ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ሰፍሯል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የጨፋ ረግረግ ይዘረጋል። ቦርከና የሚያጠጣው ይህ ሜዳ በበጋ የአፋር አርብቶ አደር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበሬ ከብቱን የሚያሰማራበት ለምለም ቦታ ነው። የዚህ አገር ልጅ የሚያድገው እዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ጥጃ እየጠበቀ፣ ከማሽላ ላይ ወፍ እያባረረ፣ እየሮጠ።

እኔ የመጣሁት መሮጥ የተከለከሉትን ልጆች ለማየት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ለተኙ ልጆች ተረት ከሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። የልብ ሕሙማን ልጆች ካሉበት ክፍል ስገባ ከወሎ ቆላ የመጡ እናቶችን ደጋግሜ አገኛለሁ። ልጃቸውን ታቅፈው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ስለ ልጁ ልብ ሐኪሙ ይነግራቸዋል። ልጁ ምን ይጫወት፣ እንዴት ይማር፣ ስለ ሕመሙ ምን ይነገረው፣ ሌሊት ሲባንን ምን ይባል የሚለውን የሚያወያያቸው ሰው ግን እምብዛም ነው። አገራቸው ሲመለሱ ኑሮው እንዴት እንደሚሆን ማየት ፈለግሁ። የከሚሴ ተወላጅ የሆነች ነርስ ጓደኛዬ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ ተከትያት መጣሁ። ኦሮምኛ ስለማልችል እሷው አስተርጓሚዬ ሆነች።

መጀመሪያ የሄድንበት ቤት በዳዋ ጨፋ ወረዳ ነው። ግቢው መሐል ትልቅ ግራር አለ። ግራሩ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ የ9 ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ከአጥሩ ማዶ እኩዮቹ የጨርቅ ኳስ ያባርራሉ። አያቱ «ግቢ ልጄ፣ ኑሪልኝ» ብለው ተቀበሉኝና ቡናው ሳይፈላ ታሪኩን ነገሩኝ። ልጁ መጀመሪያ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን እያፈራረቀ አመመው፤ «ሲያድግ ነው» ተባለ። ቆይቶ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር። ደሴ ሲወሰድ የልቡ ቫልቭ እንደተጎዳ ታወቀ።

«ከዚያ ወዲህ ከአጠገቤ አይርቅም። ውሃ አላስቀዳውም፣ ፍየል አላስጠብቀውም። አስቀምጬ ነው የምቀልበው።»

«ተማሪ ቤትስ እማማ?»

«ተማሪ ቤቱ ሩቅ ነው። መንገድ ላይ ቢወድቅብኝስ?»

ልጁ ይህ ሁሉ ሲነገር ዓይኑን ከኳሱ አላነሳም። ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ስንት ለስንት እንደሆኑ ያውቃል። ኳሷ ከመስመር ስትወጣ ከተቀመጠበት «ወጥታለች!» ብሎ ይጮሃል፤ የሚሰማው ግን የለም። እነዚያ ልጆች ክፉ ሆነው አይደለም። ትልልቆቹ «እሱን አታድክሙት፣ ልቡን ያመዋል» ብለዋቸዋል፤ እነሱም ታዘዋል።

አያቱን ልወቅስ አልችልም። ያላቸውን ሁሉ የሰጡት በፍቅር ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ዛፍ ጠብቋል። ሁለት ዓመት ለ9 ዓመት ልጅ ከዕድሜው አንድ አምስተኛ በላይ ነው። ፊደል፣ ጓደኛ፣ መጣላትና መታረቅ፣ መሸነፍና ማሸነፍ የሚለመዱት በእነዚህ ዓመታት ነው። ልጁ ሕክምናውን ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ ልጅነቱ ግን እስኪድን ቆሞ አይጠብቀውም። በከሚሴ ቆይታዬ ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው።

ወረፋው እውነት ነው፤ ረጅም ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት ማኅበር ሲያቋቁሙ አገር ውስጥ የልጅ ልብ የሚከፈትበት ቦታ አልነበረም። ልጆች ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ትንሽ ትልቁ ገንዘብ አዋጥቶ፣ የውጭ ረጂዎችም ታክለውበት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ። መጀመሪያ ለቀናት እየመጡ በሚመለሱ የውጭ ቡድኖች ነበር የሚሠራው፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው ልብ መክፈት ጀመሩ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። እንዲያም ሆኖ የሚጠብቁት ልጆች ከ7000 በላይ እንደሆኑ ሲነገር ዓመታት አልፈዋል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ወር ሳይሆን ዓመታት ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጥያቄው መቼ ይታከማሉ የሚለው ብቻ አይደለም፤ እስከዚያ እንዴት ይኑሩ የሚለውም ነው።

ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ካየኋቸው ልጆች የብዙዎቹ ሕመም አብሯቸው የተወለደ አልነበረም። የሚነሳው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያሳምማል፣ ያተኩሳል። በፔኒሲሊን ቶሎ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ዞሮ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በብዛት ይጠቃሉ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሆኖ መተኛትና ከጤና ጣቢያ መራቅ ያባብሰዋል። በአገራችን በስድስት አካባቢዎች በልብ አልትራሳውንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከ1000 ልጆችና ወጣቶች ወደ 19 የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ መታመማቸውን አያውቁትም። በገጠር ደግሞ የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ቶንሲል ወይም እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አለ፤ ቁስልና ደም መፍሰስ ያመጣል እንጂ ልቡን አያድንም።

ሕመሙ የያዘው ልጅ ዳግም እንዳያገረሽበት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል። በየአራት ሳምንቱ ቢሆን እንኳ በዓመት 13፣ በ10 ዓመት 130 መርፌ ነው። ወፍራም መድኃኒት ስለሆነ ያማል፤ ሲውልም ያስነክሳል። እዚህ ላይ ነው የልጁ ስሜት ከሕይወቱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው። መርፌውን የፈራ ልጅ ይደበቃል፣ ያለቅሳል፣ «ዛሬ ይለፈኝ» ይላል፤ የእናት አንጀት አይችልምና ያልፈዋል። አንዱ ሲያልፍ ሌላውም ያልፋል። ያለፈው መርፌ ቫልቩን እንደገና ለአደጋ ያጋልጠዋል።

እኛ አገር ልጅ ሲያስቸግር «ዝም በል፣ ዶክተር ይወጋሃል» ማለት የተለመደ ነው። አዲስ አበባም እንላለን፣ ከሚሴም ሰማሁት። ወር በወር ለሚወጋ ልጅ ይህ ቃል ምን እንደሚሆን ይታሰብ። መርፌው መድኃኒቱ መሆኑ ቀርቶ የጥፋቱ ቅጣት ይሆንበታል። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲታመም አጥፍቶ የተቀጣ ይመስለዋል። ይህን የምናስተምረው ደግሞ እኛው ነን።

ነርሷ ጓደኛዬ በእረፍቷም ቢሆን አላረፈችም። ጎረቤቶቿ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ መርፌ የምትወጋበት ቀን ነው ብለው አብረሽን ሂጂ አሏት። እሷ ያደረገችውን ሁሉ አየሁ። ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ አሞቀችው። ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት እንጂ አልጋ ላይ አላስተኛቻትም። «ይህ ያምማል፤ 10 እስክንቆጥር ነው፤ ከዚያ ያልቃል» አለቻት በኦሮምኛ። «አያምምም» አላለቻትም። «ግራ ይሁን ቀኝ?» ብላ አስመረጠቻት። ልጅቷ ብዙ አስባ ግራውን አሳየች። ቦታውን በአውራ ጣቷ ለአፍታ ተጭና፣ መድኃኒቱን ቀስ ብላ ለቀቀችው። ልጅቷ አልቅሳለች፤ ግን እየቆጠረች ነበር ያለቀሰችው፤ 10 ስትደርስ ደግሞ ራሷ «አለቀ» አለች። ከነዚህ አንዱም ብር አያስወጣም። ሥቃይን እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ጊዜና ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ ነርሷ ላይ ሌላ 40 ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ይህን አድርጊ ማለት ቀላል አይደለም።

ቋንቋውን ሳስብ ሌላ ነገር ወደ ልቤ መጣ። በዚህ ዞን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ነው የሚሰጠው። ከደዌ ሀረዋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር የሚመጣ ትንሽ ልጅ አማርኛ ላይሰማ ይችላል። አዲስ አበባ ሲደርስ ነጭ ጋወን የለበሱ የማያውቃቸው ሰዎች በማያውቀው ቋንቋ ስለ እሱ ሲነጋገሩ ይሰማል፤ ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ይለጠፍበታል። መንገዱ ራሱ ቀላል አይደለም። ከሚሴ በ1400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር ያልፋል። ከልደቱ ጀምሮ ደሙ በቂ ኦክስጅን የማይሸከም ልጅ ዳገቱ ላይ ከንፈሩ ይበልጥ ይጠቁራል፣ ይጨንቀዋል። አንዲት የባቲ እናት በዚያ ዳገት ላይ ልጇን ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፋ አቅፋ እንደወጣች ነገረችኝ። ማንም አላስተማራትም። ልጁ ሲደክመው ሁልጊዜ ቁጢጥ እንደሚል አይታ፣ ያንኑ ነው ያደረገችለት። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሄለን ታውሲግ የእነዚህን ልጆች ቁጢጥ ማለት በጥንቃቄ ከመዘገቡት አንዷ ናት። እሷ ያመነጨችው የቀዶ ሕክምና ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በባልቲሞር ተሞክሮ ሕፃናት መዳን ጀመሩ። የባቲዋ እናት ይህን አታውቅም፤ የልጇን ሰውነት ግን ታነበዋለች።

የእኛ እናቶች ያላቸውን ሌላ ትልቅ ነገርም ልናገር። እንግሊዝ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ድረስ ሆስፒታል የገባን ልጅ ወላጁ የሚያየው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ለ8 ቀን ሆስፒታል የተኛች የ2 ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ እንዴት እንደምትጎዳ በፊልም ቀርጾ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ ይግቡ ብሎ መከረ። ወሎ ውስጥ ልጅን ሆስፒታል ጥሎ መሄድ መጀመሪያውኑ የሚታሰብ አይደለም። አስታማሚ አለ፤ አስታማሚው ሲደክም ዘመድ ይተካል። እዚህ ላይ ከማንም የምንማረው የለም። የጎደለን አስታማሚዋ እናት ምን ላድርግ ስትል የሚመልስላት ሰው ነው።

ከልብ ሕመም ጋር የሚወለዱ ሕፃናት የሚያጋጥማቸውም ሌላ ነው። ጡት ሲጠቡ ይደክማቸዋል፣ ግንባራቸው ያልበዋል፣ ትንሽ ጠብተው ይተኛሉ። ክብደታቸው አይጨምርም። መቀመጥ፣ መዳህ፣ መሄድ፣ መናገር ሊዘገይባቸው ይችላል፤ ምክንያቱም አንጎል ለማደግ የሚፈልገውን ኦክስጅንና ምግብ አሟልቶ አላገኘም፤ ብዙ ጊዜም በአልጋ ላይ አልፏል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ የእነዚህ ልጆች እድገት በየጊዜው ይታይ፣ የዘገየው ቶሎ ይታገዝ ያለው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ «ልቡ ሲድን ይሄዳል፣ ልቡ ሲድን ይናገራል» ይባላል። እውነት ከፊሉ ይሻሻላል። ልጅን ለማናገር ግን ቀዶ ሕክምና አይጠበቅም። ፊት ለፊት ይዞ ማዋራት፣ እጁን ወደ ጣሳና ማንኪያ እንዲዘረጋ ማድረግ፣ በሆዱ አስተኝቶ አንገቱን እንዲያነሳ መርዳት፣ እሹሩሩ ማለት፣ ይህ ሁሉ ለአንጎሉ ምግብ ነው። ሰንበቴ አካባቢ ያየኋት አንዲት እናት የ2 ዓመት ልጇ ስለማይሄድ «ሰው እንዳያይብኝ» ብላ ጓዳ ታስቀምጠዋለች። ልጁ ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ የያዝኩትን ብዕር ጠየቀኝ በእጁ። የዚያ ልጅ ዓለም ጓዳው ብቻ መሆኑ አሳዝኖኛል፤ ዓይኑ ግን ሁሉንም ይፈልጋል።

በዚህ አካባቢ ስላለፈው ግጭትና ጦርነት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከሚሴ በሰሜኑ ጦርነት መሐል ገባች፤ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ተዘጋ። ያ ጊዜ ለጤነኛ ልጅም ከባድ ነበር። ወር በወር መርፌ ለሚያስፈልገው ደግሞ መንገድ መዘጋት መድኃኒት መቋረጥ ነው። አንድ አባት የነገረኝ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ልጁ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር። የተኩስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ይመታል፤ ልቡ ሲመታ «ሕመሙ መጣብኝ፣ ልሞት ነው» ይላል። የፍርሃት ምት የቱ፣ የሕመም ምት የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው። እስካሁን በር በኃይል ሲዘጋ ደረቱን ይይዛል። አባቱ ዘዴ አግኝቷል፤ እጁን ልጁ ደረት ላይ ያደርግና አብረው ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ፤ ምቱ ሲበርድ «አየህ፣ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃት ይሄዳል» ይለዋል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም። አእምሮን የሚያክም ባለሙያም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ብዙ የሚጨምር አይመስለኝም።

ለልጁ እውነቱን መናገር ብዙዎችን ያስጨንቃል። «ስሙን ካነሳን ይፈራል» ይላሉ። ልጁ ግን ሰምቷል። ከመጋረጃ ጀርባ የሹክሹክታውን ድምፅ፣ የእናቱን እንባ፣ ጎረቤት ሲመጣ የሚቆመውን ወሬ ሁሉ አከማችቶ ራሱ ታሪክ ይሠራል፤ የሠራው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። «ልብህ ውስጥ ደም የሚያሳልፍ በር አለ፤ በሩ ትንሽ ታሟል፤ ለዚህ ነው የሚደክምህ፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ መርፌው በሩ እንዳይብስበት ይጠብቀዋል» ቢባል የ6 ዓመት ልጅ ይገባዋል።

ለሴት ልጅ ይህ እውነት የበለጠ ያስፈልጋል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አገኘሁ፤ እናቷ በሩን ዘግታ ነው ያወራችኝ። «እህቴ፣ ይህ ከተሰማ ማን ያገባታል?» አለችኝ። መርፌውን ሌላ ከተማ ሄዳ ነው የምትወጋው። የእናቷ ጭንቀት ይገባኛል። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ የተጎዳ ቫልቭ ያን ሸክም ላይችል ይችላል። ሕመሙ ተደብቆ፣ በልጅነቷ ተድራ፣ ለራሷም ሳይነገራት ብታረግዝ የምትከፍለው በሕይወቷ ነው። ልጅቷ ይህን ማወቅ አለባት፤ ለማስፈራራት ሳይሆን ስለ ራሷ የምትወስን ሰው ስለሆነች። ከእናቷ ፈቃድ አግኝታ ጓደኛዬ ስታስረዳት ልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «መማር እችላለሁ አይደል?» ትችላለች።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የአንድ ሼኽ ቤት ነው። ሰዎች ለልጃቸው ወዳጃ ሊያስደርጉ ይመጣሉ፤ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል። ሼኹ ዱዓ ካደረጉ በኋላ «መርፌውን አቋርጣችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ። አቋርጠው ከሆነ «አብሽሩ፣ አላህ መድኃኒቱንም የፈጠረ ነው፤ ነገ ውሰዱት» ይሏቸዋል። አንድ ልጅ ወንድሞቹ ሁሉ ረመዳንን ሲጾሙ እሱ ብቻ በመቅረቱ አልቅሶ ነበር። ቁርአን የታመመን ሰው ከጾም እንደሚያሳርፍ፣ ልጅም ለአቅመ አዳም ሳይደርስ እንደማይገደድ ሼኹ አስረዱት። ልጁ ግን ጾሙን አይደለም የፈለገው፤ ከወንድሞቹ አለመለየትን ነው። ይህን ያዩት እሳቸው ናቸው። «አንተ የኢፍጣር ተምር አዳይ ነህ» አሉት። በየምሽቱ ሳህኑን ይዞ መስጊድ በር ይቆም ጀመር፤ አዋቂው ሁሉ ከእጁ እየወሰደ ይመርቀው ነበር።

ሐኪሞች ሞሪስ ግሪን እና አልበርት ሶልኒት እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ነገር ጽፈው ነበር። ከከባድ ሕመም የተረፈን ልጅ ወላጆቹ ዳግም እንዳያጡት ፈርተው እንደ ተሰባሪ ዕቃ ሲይዙት ልጁ ራሱን ችሎ መቆም ያቅተዋል፤ ከእናቱ መለየት ይፈራል፣ ትምህርት ይከብደዋል። ልቡ የዳነ ልጅ እንኳ ሕመምተኛ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በግልጽ ያልከለከለውን ጨዋታ ልጁ በአቅሙ ይጫወት፤ ሲደክመው ራሱ ያርፋል፤ ያኔ «ለምን ቆምክ» አይባል። ቫልቩ በጣም የተጎዳ ልጅ የውድድር ሩጫ ላይፈቀድለት ይችላል። ለእሱም ቢሆን ገበጣ አለ፣ ቅልብልቦሽ አለ፣ እንቆቅልሽ አለ፣ ዶሮ መጠበቅ አለ። ሥራ የተሰጠው ልጅ የሚፈለግ ልጅ ነው።

ወንድምና እህትም አይረሱ። ባቲ ያየኋት የ12 ዓመት ልጅ እናቷ ከታናሽ ወንድሟ ጋር አዲስ አበባ ስትመላለስ ትምህርቷን አቋርጣ ቤቱን ይዛለች። ሰኞ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ ነው ያገኘኋት። ስለ ወንድሟ ስጠይቃት በደንብ መለሰችልኝ፤ ስለ እሷ ስጠይቃት ግን ዝም አለች። ወንድሟ ከታመመ ወዲህ ስለ እሷ የጠየቃት ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከመመለሴ በፊት ወደ ግራሩ ግቢ ተመልሰን ሄድን። አያቱን ያሳመንናቸው እኛ አይደለንም፤ የአካባቢው ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነው። «እማማ፣ ልጁን ለእኔ ይስጡኝ፤ ከአጎቱ ልጅ ጋር በአህያ ይምጣ፤ የሰልፉ ጊዜ ጥላ ሥር ይቁም፤ ሲደክመው ወንበሩ ላይ ያርፋል፤ መርፌ የሚወጋበት ቀን ቀሪ አልለውም» አላቸው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሰዓት ያዥና ዳኛ እንደሚያደርገው ለልጁ ነገረው። አያቱ ብዙ ካሰቡ በኋላ «እሺ፣ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ» አሉ። መምህሩ ተስማማ።

በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ፣ በጨፋ ሮቢት ለምታስተምሩ መምህራን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ጉሮሮውን የሚያመውና የሚያተኩሰው ልጅ ሲኖር፣ መገጣጠሚያውን እያፈራረቀ የሚያመው ልጅ ሲኖር፣ ወላጁን ጠርታችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰደው በሉ። በልብ ሕመም ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ በሰፈራችሁ ካለ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሂዱና ጥሩት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆንም።